የሶሌታው በግ

«የጣለው ሚካኤል ነው እንጂ እኔ አይደለሁም!»

እትዬ ሸዋረጋ ይሄን ያለችው ፎቋን ለሚሠራው ኮንትራክተር በስልክ ነው፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ፣ በአንድ እጇ ስልኩን በሌላው የበግ ገመድ ይዛ። በጉ ነገሩ እሱንም የሚመለከተው ይመስል ቀና ብሎ ያያታል። ማስተዋል የጥርስ ብሩሹ አፏ ውስጥ እንዳለ በረንዳው ላይ ደርቃ ቀረች። ሳቅም መጣባት ድንጋጤም መጣባት፣ ሁለቱ መንገድ ላይ ተጋጩና አረፋው በአፍንጫዋ ወጣ። ምን ታድርግ! ሰው ከፎቅ ሲወድቅ መሰላሉ ነው ሲባል ሰምታለች፣ ገመዱ ነው ሲባል ሰምታለች፣ ጠጥቶ ነው ሲባልም ሰምታለች። መልአክ ሲከሰስ ግን ገና ዛሬ መስማቷ ነው።

ሸዋረጋ የእናቷ ታላቅ እህት ናት። ማስተዋልን ከሰባተኛ ክፍል ጀምራ አስተምራ አሥራ ሁለተኛን አስጨርሳታለች፤ አሁን ልጅቷ የሪሚዲያል ጥሪ እየጠበቀች ቤት ውስጥ ትሽከረከራለች፣ ቀኑን ሙሉ ታወራለች፣ ማታ ደግሞ ቀን ስላወራችው ታወራለች። ሸዋረጋ በአንድ መሥሪያ ቤት የሰው ሀብት ክፍል ሃያ ሁለት ዓመት የሠራች፣ ቅጽ የምትወድ ሴት ናት፤ ቢቻላት ለቤቱ ስኳርም የመጠየቂያ ቅጽ ታዘጋጅ ነበር። ባሏ ከሞተ ወዲህ ያላትን ሁሉ ሰብስባ ማራኪ የሚባለው ሰፈር ለዩኒቨርሲቲ ሰው የሚከራይ ፎቅ እያሠራች ነው። ዛሬ፣ ቅዳሜ ኅዳር አሥራ አራት፣ ሶሌታው ይሞላል።

ሶሌታ ያው የፎቁ የአርማታ ወለል ነው። ከተጀመረ አይቆምም፣ በአንድ ቀን ተሞልቶ ማለቅ አለበት፤ ለዚያ ቀን አርባ ሰው ይሰበሰባል፣ ባለቤቱ ደግሞ በግ ያርዳል። የበጉ ነገር የትም ውል ላይ አልተጻፈም። ግን በግ ሳያርድ ሶሌታ ያስሞላ ሰው ካለ እስቲ ስሙን ጥሩት! «የእከሊት ቤት በደረቁ ነው የተሞላው» እየተባለ፣ ቤቱ ተከራይ እስኪያጣ ድረስ ይወራበታል። ችግሩ፣ ነገ ጾመ ነቢያት ይገባል። እስከ ገና አርባ ሦስት ቀን ሥጋ የለም። ሶሌታው ከዛሬ ካለፈ በጉም አለፈ ማለት ነው፤ ሸዋረጋ ደግሞ ይሄን በግ ከማክሰኝት ገበያ በአሥራ አራት ሺህ ብር፣ ላቱን ሦስት ጊዜ በእጇ መዝና ነው ያመጣችው።

እና በዚህ ሁሉ ጥድፊያ መሀል ከትናንትና ወዲያ፣ ሐሙስ፣ በኅዳር ሚካኤል ዕለት፣ እንዳልካቸው ወደቀ።

እንዳልካቸው ከኮሶዬ የመጣ አናጢ ነው፤ ሃያ አራት ዓመቱ ነው፣ ሳቂታ ነው፣ ምስማር በጥርሱ ይዞ መዝፈን የሚችል ሰው ከሱ ሌላ የለም። ሐሙስ ዕለት ለሶሌታው ጣውላ ሲመታ፣ የቆመባት ሳንቃ ከአጣናው ጋር በገመድ ብቻ ታስራ ነበር እንጂ ጫፏ በምስማር አልተመታም። ጠርዙም ዙሪያውን ባዶ ነው፣ የሚያዝ ነገር የለውም። ሳንቃዋ ተገለበጠች፣ እሱም ተከትሏት ሄደ። ደግነቱ ያረፈው የአሸዋ ክምር ላይ ነው። ቀኝ እጁ ግን ክንዱ ላይ ሁለት ቦታ ተሰብሯል። ሆስፒታል አስተኙት፤ ሐኪሞቹ በዚህ ሳምንት ብረት ካልገባለት አጥንቱ ተጣሞ ይገጥማል፣ ከዚያ በኋላ መዶሻ መያዝ አይታሰብም አሉ። ብረቱ ከሆስፒታሉ ውጭ በገንዘብ የሚገዛ ነው። ሥራ ላይ የተጎዳ ሰው በሚሞላለት ቅጽ ላይ ደግሞ «አሠሪ» የሚል መስመር አለ፤ አሠሪው ሲፈርም ወጪውንም ክትትሉንም ይረከባል። ያቺ መስመር ሁለት ቀን ሙሉ ባዶዋን ተቀምጣለች።

ሸዋረጋ «ሠራተኛው የኮንትራክተሩ ነው» ትላለች። ኮንትራክተሩ አድማሴ «ቤቱ የሷ ነው» ይላል። ሁለቱም ሲደክማቸው ሚካኤልን ይጠራሉ፤ በመልአኩ በዓል ሥራ የገባ ሰው ምን ሊገጥመው ኖሯል ይላሉ። ማስተዋል ትናንት ብርቱካን ይዛ ስትጠይቀው እንዳልካቸው እጁ በጨርቅ ተንጠልጥሎ አልጋው ላይ ተቀምጦ ነበር። «ማስቲ» አላት፣ «ሳልወድቅ የሁሉም ልጅ ነበርኩ። እትዬም ልጄ ትለኛለች፣ አድማሴም ልጄ ይለኛል። ከወደቅሁ በኋላ የሚካኤል ብቻ ሆኜ ቀረሁ።» እሷ ሳቀች፣ እሱም ሳቀ፣ ከዚያ እጁን አመመው።

እሷን ግን ከሱ ይበልጥ የሚያማት ነገር ነበር። ረቡዕ ማታ ሸዋረጋ ሽንኩርት እየከተፈች «ለአድማሴ ደውዪለት፣ እጄ ሽንኩርት ነው» አለቻት። «በአሥራ አራት ካልተሞላ ጾም ይገባብናል፣ በጉን ለማን ላርደው ነው? ነገም ቢሆን ይግቡ በይው።» ማስተዋል «ነገ እኮ ኅዳር ሚካኤል ነው እትዬ» ስትላት፣ «ሚካኤል ያግዛቸዋል፣ ደውዪ» አለቻት። ደወለች። ደውላ መልእክቱን ብቻ ብትናገር ምን ነበረበት፤ እሷ ግን ወሬ ሳትጨምር መናገር አትችልምና ከራሷ አክላ «በዓል ነው እያላችሁ ቀን እንዳትቆጥሩ ብላለች» አለችው። አድማሴም ለሠራተኞቹ «ነገ ያልመጣ ሰኞም እንዳይመጣ» አላቸው። ይሄን ስልክ የሚያውቁት ሦስት ሰዎች ናቸው፣ ሦስቱም አላነሱትም። ሐሙስ ማታ እራት ላይ ሸዋረጋ «ጨው አቀብዪኝ» አለች፣ ማስተዋል አቀበለቻት፣ የዚያን ምሽት ወሬ በቃ እሱ ነበር። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት እንዲህ ጮክ ብሎ እንደሚቆጥር ያን ዕለት ነው ያወቀችው።

ሁለት ሰዓት ላይ የግንባታው ግቢ ሲታይ ሠርግ ይመስል ነበር። ሚክሰሩ ያጓራል፣ ወንዶቹ ሲሚንቶና ጠጠር ይገለብጡለታል፣ ሴቶቹ መወጣጫው ላይ ተሰልፈው ባልዲ ይቀባበላሉ፣ ላይ ያሉት ደግሞ አርማታውን ብረቱ ላይ እየደፉ ባዶውን ባልዲ ቁልቁል ይወረውራሉ። ሁሉም ይጮሃል፣ ሁሉም ይሳደባል፣ ማንም አይቀየምም። ጥግ ላይ ሁለት ጎረቤቶች ትልቅ ብረት ድስት ጥደው የበጉን ሥጋ ይከትፋሉ። በጉን ያረደው የብረት ሠራተኛው አያ አወቀ ነው፤ በስልሳ ዓመቱ እንደ ጦጣ የሚወጣ፣ በቀን አሥር ቃል የማይናገር ሰው። ግቢው ውስጥ አንዲት ሄልሜት ናት ያለችው፤ እሷም መሬት ላይ ቆሞ በእጁ ለሚጠቁመው ለአድማሴ ራስ ናት። አድማሴ ኢንጂነር አይደለም፣ ግን ሄልሜት ካደረገ ጀምሮ ሁሉም ኢንጂነር ይለዋል፣ እሱም አይከለክልም። የፎቁ ጠርዝ ዛሬም ባዶ ነበር፤ ሠራተኞቹ ራሳቸው አንድ ገመድ ዙሪያውን ወጥረውበታል፣ ገመዱ ላይ ደግሞ የአንዷን ቀይ ሻሽ ቀድደው አንጠልጥለውበታል።

የማስተዋል ሥራ ዳቦና ሻይ ማደል ነው። ሌላ ጊዜ ቢሆን በዳቦው ልክ ወሬ ታድል ነበር። ዛሬ ሰጥታ ብቻ ስታልፍ የባልዲ ሴቶች አለቃ ሐረገወይን እጇን ያዘቻት። ሐረገወይን ሰፊ ትከሻ፣ ትልቅ ድምፅ፣ ከሁሉም ጋር የምትቀልድ ሴት ናት።

«ምነው አንቺ፣ ዝም አልሽሳ? አመመሽ? ወይስ እንደ ስልኩ ካርድ አለቀብሽ?»

«ደህና ነኝ።»

«ደህና የሆነች ማስተዋል እስካሁን የሦስት ሰው ጋብቻ ታፈርስ ነበር። እንዳልካቸውን ጠየቅሽው?»

«ትናንት ሄጃለሁ።»

«ፈረሙለት?»

ማስተዋል ሻይ የምትቀዳ መስላ ጎንበስ አለች። ፔርሙሱ ባዶ ነበር፤ ባዶ ፔርሙስ ስትቀዳ ሐረገወይን እያየቻት ነው። ወደ ሰልፉ ተመልሳ ከጎኗ ላለችው ሹክ አለች፣ ያቺ ለሚቀጥለው፣ ወሬው ከባልዲው ጋር እየተቀባበለ ፎቁ ላይ ወጣ። ላይ አያ አወቀ ጋ ሲደርስ ወሬው አንድ ጊዜ ቆመ፤ አያ አወቀ በእሺታ ራሱን ነቀነቀ፣ ወሬውም ተመልሶ ከባዶው ባልዲ ጋር ወረደ። ማስተዋል ይሄን ሁሉ አይታለች፤ የሚያስቡትን ግን አላወቀችም።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ የመጨረሻዋ ባልዲ ወጣች። እልልታው ከቀለጠ በኋላ ሚክሰሩ ጠፋና ጆሮ ሁሉ ባዶ ሆነ። ወዲያው በዚያ ዝምታ ውስጥ የጥብሱ ሽታ መጣ። ሸዋረጋ አዲስ ቀሚስ ለብሳ፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ከእንጀራው ላይ ሥጋው ክምር ያለበትን ትልቅ ትሪ ከማስተዋል ጋር ተሸክማ ወጣች። ፊቷ በርቷል። አጥሩ ላይ ጎረቤት ተደርድሯል። «በሉ ልጆቼ፣ ቅረቡ፣ እጃችሁን ታጠቡ!» አለች።

ማንም አልተነሣም። አርባ ሰው በጠጠሩና በጣውላው ላይ እንደተቀመጠ ትሪውን ያያል። አንዱ ምራቁን ሲውጥ እስከ አጥሩ ድረስ ተሰማ።

«ምነው? አፍራችሁ ነው? እንግዳ አደረጋችሁኝ?»

ሐረገወይን ተነሣች፣ ቀሚሷ ላይ የደረቀውን ሲሚንቶ መታ መታ አደረገች። «እትዬ ሸዋረጋ፣ ቤትዎ የሰላም ቤት ይሁን። ሥራውን ጨርሰናል፤ አርማታ ጀምሮ መተው ነውር ነው ብለን ነው እንጂ ጠዋት እንተወው ነበር። ሥጋው ግን ይቅርብን።»

«እንዴት ይቅርባችሁ! ለእናንተ አይደለም እንዴ ያረድኩት?»

«አንድ ጥያቄ አለን፣ እሱ ሲመለስ እንበላለን። እንዳልካቸው የማን ሠራተኛ ነው?»

አድማሴ ነገሩን ሊያቀል ብሎ እየሳቀ «ኧረ ብሉ ጎበዝ፣ ሥጋው ቀዘቀዘ» አለና ከትሪው ላይ አንድ ቁራጭ አንሥቶ ወደ አፉ ላከ። አያ አወቀ ዝም ብሎ አየው። ዝም ብሎ ብቻ ነው ያየው። አድማሴ ቁራጩን ቀስ ብሎ ትሪው ላይ መለሰና ጣቱን በሱሪው ጠረገ። አጥሩ ላይ ያሉት ሴቶች አፋቸውን ይዘው ሳቁ።

አንዱ ሲሚንቶ ገልባጭ አልቻለም። «ጎበዝ፣ ነገ ጾም ነው እኮ! እስከ ገና ነው እኮ!» አለ።

«ዝም በል አንተ።»

«ዝም እላለሁ፣ ግን እስከ ገና ነው።»

ሌላው ኪሱ ገብቶ ጠዋት ያስተረፈውን ዳቦ አወጣ፣ ለጎኑ ቆረሰለት፣ ያ ለሚቀጥለው ቆረሰለት። አርባ ሰው፣ ፊት ለፊቱ አንድ ሙሉ በግ ተቀምጦ፣ ደረቅ ዳቦ ያኝካል። ደረቅ ዳቦ ሲታኘክ ያን ያህል ድምፅ እንዳለው ማን ያውቃል! ማስተዋል ሳቋ እንባ ሆኖ ይወጣል፣ እንባዋ ሳቅ ሆኖ ይመለሳል። ሸዋረጋ ግን ፊቷ አመድ መስሏል። የሶሌታ በግ ታርዶ ሠራተኛው አልበላም ብሎ የሄደበት ቤት! ይሄ በደረቁ ከመሞላትም ይብሳል፤ ለዚህ እንኳ ስም አልወጣለትም።

ወደ ሲሚንቶው መጋዘን ገብታ ቦርሳዋን ይዛ ወጣች፤ ከቦርሳው ውሉን አወጣች፣ መነጽሯን አደረገች። «እኔ በቃል አልከራከርም፣ በጽሑፍ ነው» አለችና አነበበች። «በግንባታው ላይ በሠራተኞች ላይ ለሚደርስ ማንኛውም አደጋ ተቋራጩ ኃላፊ ነው። ይኸው! ፊርማውም አለ፣ ማኅተሙም አለ።»

ሁሉም ወደ አድማሴ ዞረ። አድማሴ ሄልሜቷን አወለቀ፣ ከሥሯ ራሱ ላብ በላብ ሆኖ ነበር። «ልክ ነው» አለ። «እዚያው ውል ላይ ደግሞ ሶሌታው የሚሞላው በታኅሣሥ መጨረሻ ነው ይላል። እሱንም ያንብቡላቸው።» ከዚያ ሳል ያዘው። ብዙ ሳለ። ሁለተኛው ፎቅ ገና አልተጀመረም፣ እሱንም ሥራ ማጣት አይፈልግም፣ ስለዚህ ከዚያ ወዲያ ሊናገር የፈለገውን ሁሉ ሳለው።

«ማን አጣደፈው ታዲያ?» አለች ሐረገወይን።

ማስተዋል አክስቷን አየች። አክስቷ ውሉን ታያለች፤ ግን ዓይኗ መስመሩ ላይ አይሄድም፣ አንድ ቦታ ቆሟል። የደብተሯን፣ የዩኒፎርሟን፣ የሰባተኛ ክፍል ጫማዋን የገዛችላት ሴት ናት። ማታ የሚተኙት አንድ ክፍል ውስጥ ነው፤ ዛሬ ብትናገር ነገ በዚያ ክፍል ውስጥ ያ ሰዓት እንዴት እየጮኸ እንደሚቆጥር አሰበች። ከዚያ ደግሞ እንዳልካቸው ምስማር በጥርሱ ይዞ ሲዘፍን አሰበች፤ እጁ ተጣሞ ሲገጥም አሰበች፤ ሐኪሞቹ ከሰጡት ሳምንት ሁለቱ ቀን ሄደዋል። ትሪውን መሬት አስቀመጠችና አፏ ከሷ ቀድሞ ተከፈተ።

«እኔ ነኝ! እኔ ነኝ የደወልኩት። ረቡዕ ማታ፣ እትዬ ሽንኩርት እየከተፈች ነበር፣ ጾም ሳይገባ ይሞላ፣ በሚካኤልም ቢሆን ይግቡ በይው አለችኝ፣ እኔም ነገርኩት። ቀን እንዳትቆጥሩ ያልኩት ግን ከራሴ ነው፣ እሱን እሷ አላለችም፣ እሱ የኔ ነው። እንዳልካቸውም ሥራው እንዳይቀርበት ፈርቶ ነው የገባው። በቃ። ሚካኤል አልደወለም።»

አጥሩ ላይ አንዷ «ወይኔ ልጄን!» አለች። ሐረገወይን ግን ፊቷን ወደ አድማሴ መለሰች። «አንተስ ኢንጂነር? ሲያዙህ አፍ የለህም? ሳንቃው አልተመታም፣ ጠርዙ ባዶ ነው፣ አይሆንም ማለት ያቅትሃል? ያልመጣ ሰኞ አይምጣ ለማለትማ አፍህ እንዴት ሸጋ ነበር!»

አድማሴ ሄልሜቷን እንደ ባርኔጣ ደረቱ ላይ አቅፎ መሬት መሬት አየ።

ሸዋረጋ አንድ የሲሚንቶ ከረጢት ላይ ተቀመጠች፣ በአዲሱ ቀሚሷ። ከዚያ ለማንም ሳይሆን እንዲሁ «እኛ መሥሪያ ቤት ሰው ሲጎዳ የሚሞላ ቅጽ አለ» አለች። «ሃያ ሁለት ዓመት አስሞልቻለሁ። አራተኛዋ ሣጥን ‹ሥራው የታዘዘው በማን ነው› ትላለች። ስንቱ ኃላፊ ያቺን ሣጥን ዘሎ ሲያመጣልኝ መልሼለታለሁ። ሂድና ሙላ ብዬዋለሁ።» ተነሣች፣ ቀሚሷ ከኋላ ሲሚንቶ ሆኗል፣ አላራገፈችውም። «ባጃጅ ጥሩልኝ። አድማሴ፣ ና። ሐረገወይን፣ አንቺም ነይ፣ ነገ አልፈረመችም እንዳይባል።»

«ሁለተኛው ፎቅ ዙሪያው ሳይታጠርስ?» አለች ሐረገወይን፣ ጊዜውን አይታ።

«አንድም ሰው አይወጣም! ሄልሜትም ይገዛል፣ ለሚወጣው ነው የሚገዛው፣ መሬት ለሚቆመው አይደለም!»

«ሥጋውን ማን ይጠብቅ?» አለ ያ ሲሚንቶ ገልባጭ፣ በተስፋ።

«እኔ እጠብቃለሁ» አለ አያ አወቀ። የቀኑ አምስተኛ ንግግሩ ሳትሆን አትቀርም። «ከራሴም ጭምር።»

ባጃጁ ውስጥ፣ ሳትጠራ የገባችውን ማስተዋልን ጨምሮ፣ ሦስቱ ሴቶች ኋላ ተጨናንቀው ተቀመጡ፣ አድማሴ ከሾፌሩ ጎን በግማሽ ቂጡ ተንጠልጥሎ፣ እጁ መያዣ ስለፈለገ ሄልሜቷን መልሶ ራሱ ላይ አደረገ። ሾፌሩ አየት አደረገውና «ምነው ጋሼ፣ ስለ አነዳዴ ነግረውህ ነው?» አለው። ሐረገወይን እስክትታፈን ሳቀች። ማስተዋል ግን መሳቅ ፈራች። ከአክስቷ ጋር ትከሻቸው ተጣብቋል፣ ባጃጁ ጉድጓድ በገባ ቁጥር ይጋጫሉ። ወደ ፒያሳ የሚወስደውን ዳገት ሲጨርሱ ሸዋረጋ እጇን አንሥታ የልጅቷን ጸጉር ነካች። ማስተዋል አንገቷን ሰበረች፣ ልትመታት መስሏት። «ጸጉርሽ ላይ ሲሚንቶ አለ» አለች ሸዋረጋ፣ በጥፍሯ እያነሣች። «ይደርቅና አይለቅም።» እስከ ሆስፒታሉ በር ድረስ አንድ በአንድ ስታነሣላት ሄደች።

መስኮቱ ጋ ያለችው የካርድ ክፍል ሠራተኛ ቅጹን አወጣችላቸው። ሸዋረጋ መነጽሯን አደረገች፣ ቅጹን ከላይ እስከ ታች አነበበች፣ ሁለት ቦታ የፊደል ስህተት አገኘች፣ ነገረቻት። ከዚያ «አሠሪ» በሚለው መስመር ላይ ስሟን ከነአባቷ ጻፈች። አድማሴ ብዕሩን ተቀበላትና ከጎኑ ሊጽፍ ሲል ሠራተኛዋ ከለከለችው።

«የአንድ ሰው ቦታ ነው ጋሼ።»

«አብረን ነን።»

«ሁለት ቀን ሙሉ አንድም ጠፍቶ አሁን ሁለት መጣችሁ?»

«አጥብበህ ጻፍ» አለችው ሸዋረጋ። «የቤቱ ባለቤት ሆኜ ያዘዝኩት እኔ ነኝ፣ ያሠራኸው አንተ ነህ፣ ብረቱን እኩል ነው የምንገዛው። ስምህ እንደሆነ አጭር ነው፣ ይገባል።» አድማሴ አጥብቦ፣ አጥብቦ፣ ጠርዙ ላይ ጻፈው።

ማስተዋል ፎቶ አንሥታ ግቢው ውስጥ ለቀረው ለአያ አወቀ ልጅ ስልክ ላከችው፣ ከዚያ ደወለች። «ፈርመዋል!» ስትል፣ ወዲያ በኩል አንድ ሰው «ቆይ፣ ፎቶውን ላጉላው» አለ፣ ሌላው «አድማሴ የሚለው የታል?» አለ፣ «ይኸው ጥጉ ላይ!» አለ ሦስተኛው፣ ከዚያ እንደ ኳስ ሜዳ አንድ ጩኸት ተነሣ፣ ስልኩም ሳይወድቅ አልቀረም፣ የሚሰማው የትሪ ኳኳታ ብቻ ሆነ። ሐረገወይን ስልኩን ነጠቀቻት። «የኔን ድርሻ የነካ ሰው ሰኞ ያገኘኛል!» እያለች በኮሪደሩ ጮኸች፤ ጥበቃው መጥቶ ዝም አሰኛት።

እንዳልካቸው ክፍል ሲገቡ አራቱንም አይቶ ትራሱ ላይ ቀና አለ። ሸዋረጋ ቅጹን አሳየችው። እሱም አነበበው። አንድ ጊዜ ከላይ፣ አንድ ጊዜ ጠርዙ ላይ። ዓይኑ ሞላ፣ እንዳይታይበት ደግሞ ቶሎ ብሎ «ሶሌታው ተሞላ? በጉስ?» አለ።

«አሁን እየበሉ ነው» አለች ማስተዋል። «ፎቶህን እስኪያዩ አንበላም ብለው... ማለቴ የፊርማውን ፎቶ። ላንተም ከጎድኑ አስቀምጠዋል፣ አያ አወቀ ራሱ ነው ያስቀመጠው፣ ሐረገወይን ሄዳ ታመጣልሃለች...»

ነርሷ ከኋላቸው ገባች። «ብረቱ አሁን ከተገዛ ተረኛው ሐኪም ዛሬውኑ ማታ አንድ ሰዓት ላይ ያስገባዋል። ከአሁን ጀምሮ ምግብ የለም፣ ውሃም እንዳይቀምስ።»

«ምንም?» አለ እንዳልካቸው።

«ምንም።»

«ነገስ?»

«ነገ ትበላለህ።»

«ነገማ ጾም ነው!» አለ። አርባ ሰው ለሱ ሲል አፉን ዘግቶ ውሎ፣ አሁን አርባው ሰው ይበላል፣ እሱ ብቻ ሊቀር ነው። ሐረገወይን ግድግዳውን ደግፋ በሳቅ ቁጭ አለች። ነርሷም ሳቀች። አድማሴ እንኳ ሳቀ። እንዳልካቸው የሚይዘው ቢያጣ በደህናው እጁ ፍራሹን ይመታል።

«ተወው፣ ለገና ሌላ አርድልሃለሁ» አለች ሸዋረጋ። «ለብቻህ። እዚያው ሶሌታው ላይ ተቀምጠህ ትበላለህ።»

እንዳልካቸው መምታቱን አቆመ። ሸዋረጋን አየ፣ አድማሴን አየ፣ ቅጹን አየ። «ይጻፍልኝ» አለ።

«ምኑ?»

«በጉ። ሁለታችሁም ፈርሙበት።»

ሸዋረጋ ልትቆጣ አፏን ከፈተችና ተወችው። ከቦርሳዋ ነጭ ወረቀት አወጣች። የፈረመችበትን ብዕር አየችና ለማስተዋል ሰጠቻት። «አንቺ ጻፊ። የምልሽን ብቻ። ከራስሽ እንዳትጨምሪ።»

ማስተዋል አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ወረቀቱን ጉልበቷ ላይ ዘረጋች። «በግ ብቻ ልበለው?»

«ሙክት በይው» አለ እንዳልካቸው።

«ኧረ ሙክት አሁን እንዴት ይሆናል፣ የገና ገበያ...» ሲል አድማሴ ጀመረ።

«ጻፊ» አለች ሸዋረጋ።